የወፍጮ ቤት ቺንጋና አዋቂው

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ገጠር፣ የናፍጣ ወፍጮ ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሞተሩና ስለ ድንጋዩ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግን ቺንጋው ነው፤ እሱ ከተንሸራተተ ሞተሩ እያጓራ ዱቄቱ ይቀንሳል፣ ወረፋውም ይረዝማል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ጥሩ ባለሙያ ችግሩን የሚለይበት መንገድ ነው። «ቺንጋው አልቋል» ብሎ አዲስ ለመግዛት አይጣደፍም። መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋል። ጎማ ጎማ ከሸተተና የቺንጋው ውስጠኛ ገጽ ካብለጨለጨ፣ ወይ ላልቷል ወይ ዘይት ነክቶታል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሊዎች ጥፋት ነው፤ በሁለቱም ፊት ላይ ሲባጎ ወጥሮ የትኛው ከመስመር እንደወጣ ያያል። ከዚያ ፑሊውን በእጁ እያዞረ ኩሽኔታውን ያዳምጣል፤ የሚንገጫገጭ ኩሽኔታ አዲስ ቺንጋም ይበላል።

ማጥበቁም ልክ አለው። ከመጠን በላይ የወጠረ ሰው ቺንጋውን ያዳነ መስሎት ኩሽኔታውን ይገድላል። ሁለትና ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠራ ከሆነም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ አሮጌዎቹ ስለረዘሙ ሸክሙ በአዲሱ ላይ ብቻ ይወድቃልና።

ባለወፍጮዎች፣ የቺንጋውን መከለያ አስገጥሙ። እህል ይዛችሁ የምትሄዱም ነጠላችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ከሚዞረው ቺንጋ ራቁ።