ጥሩ የቴክኖ ቤት በምን ይታወቃል? የበርሊን ሌሊት መመዘኛ

በርሊን ገብቶ “ቅዳሜ ማታ የት እንጨፍር?” ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ግን የዝና ዝርዝር ነው፤ ሰልፉ የትኛው ጋ እንደሚረዝም፣ በረኛው የትኛው ጋ እንደሚከብድ። በእኔ እምነት የቴክኖ ቤት የሚመዘነው ወለሉ ላይ ቆሞ ለሚጨፍረው ሰው በሚሰጠው ነገር ነው፤ ለጆሮው፣ ለጊዜውና ለክብሩ። እነዚህን ሦስቱን የሚያከብር ቤት ስም ባይኖረውም ጥሩ ቤት ነው። የማያከብር ከሆነ ስሙ ዓለምን ቢያዳርስም የመግቢያው ብር ያሳዝናል።

መመዘኛውን በርሊን ላይ የማስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴክኖ የተወለደው አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች በከበሮ ማሽንና በሲንተሳይዘር ፈጠሩት። በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ባለቤታቸው የማይታወቅ ባዶ ሕንፃዎች በዙ። በመጋቢት 1991 ዲሚትሪ ሄጌማንና ባልደረቦቹ ቬርትሃይም ይባል በነበረ ትልቅ መደብር ሥር የቀረውን የገንዘብና የንብረት ማስቀመጫ ምድር ቤት ከፍተው ትሬዞር አሉት። የዲትሮይቶቹ ጄፍ ሚልስ፣ ማይክ ባንክስና ሮበርት ሁድ ሙዚቃቸውን ይዘው ወደዚያ መጡ፤ ትሬዞር በራሱ አሳታሚ ስም ያወጣው የመጀመሪያው ሸክላም የእነሱ ሥራ ነበር። ምዕራብ በርሊን ደግሞ ከ1949 ጀምሮ የመዝጊያ ሰዓት የሚባል ነገር አልነበራትም። ባዶ ቤት፣ አዲስ ሙዚቃና ገደብ የሌለው ሌሊት አንድ ላይ ተገናኙ። በ2024 የበርሊን ቴክኖ ባህል በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከሁሉ በፊት ጆሮ

አዲስ ቤት ስገባ ባንኮኒውን አልፌ በቀጥታ ወለሉ መሃል እቆማለሁ። እዚያ ሦስት ነገር አዳምጣለሁ።

አንደኛው የከበሮው ምት የሚያርፍበት ቦታ ነው። በጥሩ ቤት ምቱ ደረትና እግር ላይ ያርፋል፤ ጥርት ብሎ ይመታና ወዲያው ይቆማል። ቀጣዩ ሲመጣ የፊተኛው ጨርሶ ሄዷል። በመጥፎ ቤት ቤዙ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይጎተታል፤ አንዱ ምት ከሌላው ተቀላቅሎ ጉርምርምታ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ሲምባሉ ነው። በምቶቹ መሃል የሚገባው ቀጭን ድምፅ ተለይቶ መሰማት አለበት። ጆሮ የሚወጋ ከሆነ ግን ስፒከሮቹ ከአቅማቸው በላይ እየሠሩ ነው፣ ወይም ድምፁን የሚያስተካክል ሰው የለም። ሦስተኛው፣ አጠገቤ ላለው ሰው ጠጋ ብዬ በተለመደ ድምፅ ብናገር መሰማት አለመሰማቴ ነው። ሙዚቃው ኃይለኛ ሆኖ ንግግርን ካላፈነ በባለሙያ እጅ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ስፒከሮቹ እጠጋለሁ። በጥሩ ቤት ኃይሉ ቢቀንስም የሙዚቃው ቅርፅ አይፈርስም። በርግሃይን ስለተባለው የበርሊን ቤት በር የሚያወሩ ብዙ ናቸው፤ መወራት ያለበት ግን ስለ ድምፁ ነው። ቤቱ ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው በምሥራቅ ጀርመን ዘመን በተሠራ የኃይል ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን የዋናው ወለል ጣሪያ እስከ 18 ሜትር ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ የኮንክሪት አዳራሽ በባሕርዩ ድምፅን የሚያበላሽ ነው። እንግሊዝ ሠራሹ የፈንክሽን ዋን ድምፅ ማጉያ በልምድ ስለተተከለና ስለተስተካከለ ግን ወለሉ ላይ ያለ ሰው እያንዳንዷን ምት ለይቶ ይሰማል። ጥሩ ዕቃ ብዙ ቤት አለ፤ ዕቃውን ከክፍሉ ጋር ያስማማ ቤት ግን ጥቂት ነው።

ጆሮን ማክበር ጆሮን መጠበቅንም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በመዝናኛ ቦታዎች ያለው የድምፅ መጠን በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የጀርመን የቴክኒክ ደረጃ ደግሞ በግማሽ ሰዓት አማካይ 99 ዴሲቤልን ወሰን አድርጎ አስቀምጧል። ባንኮኒው ላይ የጆሮ መድፈኛ ያስቀመጠ ቤት ስለ እናንተ አስቧል። ብታገኙም ባታገኙም የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጊዜ የሚሰጥ ቤት

ቴክኖ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ምት ለረጅም ደቂቃ ሲደጋገም ሰውነት ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ትንሿ ለውጥ እንኳ ትልቅ ደስታ ትሆናለች። ለዚህ ነው ከመሄዴ በፊት የምሽቱን ፕሮግራም እንደ ውል የማነበው። ስድስት ሰዓት ውስጥ አሥር ዲጄ የደረደረ ቤት ስም እየሸጠ ነው። እያንዳንዱ ዲጄ ያለውን ጠንካራ ሙዚቃ በአንድ ሰዓት ጨምቆ ይወርዳል፤ ጨፋሪው ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲወረወር ያድራል። ለአንድ ዲጄ ሦስት ወይም አራት ሰዓት የሚሰጥ ቤት ግን ሙያውን ያውቃል።

የመክፈቻውን ሰዓት በተለይ ልብ በሉ። ወለሉ ገና ባዶ ሳለ የመጀመሪያው ዲጄ በደቂቃ 145 ምት የሚሮጥ ሙዚቃ ከለቀቀ ቤቱ ሥርዓት የለውም። ጎበዝ ከፋች 125 አካባቢ ይጀምራል፤ ሰዎች ካፖርታቸውን አስቀምጠው፣ መጠጣቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ይታገሣል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው የሚገነባበት መሠረት ይህ ነው። ቤቱ የራሱ ቋሚ ዲጄዎች እንዳሉትም እዩ። ክፍሉን፣ ድምፁንና ታዳሚውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ የሚያምረው በእነሱ መሃል ሲገባ ነው።

ነዋሪን ከመጤ የሚለየው የሚሄድበት ሰዓትም ነው። የበርግሃይን ትልቁ ሌሊት ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ገደማ ተጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ይዘልቃል። ብዙ በርሊናዊ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ተኝቶ፣ እሑድ ቁርሱን በልቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ የሰከረው ወጥቷል፣ ለሙዚቃው የመጣው ቀርቷል፣ ዲጄውም ሳይቸኩል ይጫወታል።

ዲጄውን መመዘን

የአገራችን አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ዲጄ በምን እንደሚመዘን ለመረዳት አይቸገርም። አዝማሪው ግጥሙን የሚጥለው ፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ነው፤ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እንደተደሰተ፣ ማን ሊነሳ እንደሆነ ያነባል። ጥሩ ዲጄም እንዲሁ ወለሉን ያነባል። ቀና ብሎ የማያይ፣ ወይም እጁን እያወዛወዘ ጭብጨባ ሲለምን የሚያድር፣ ሥራውን ትቷል።

እጁን በቅርብ ማየት ከቻላችሁ አንድ ነገር ተከታተሉ፤ ቤዙን የሚያቀያይርበትን መንገድ። ሁለት ሙዚቃ አብረው ሲሄዱ የሁለቱም ቤዝ ከተከፈተ ድምፁ ይጨቀያል። ጎበዝ ዲጄ አዲሱን ሙዚቃ ቤዙን ዘግቶ ያስገባዋል። መጀመሪያ ሲምባሉ ብቻ ይሰማል፤ ጨፋሪው የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ይጠረጥራል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ከብዙ ምት በኋላ በአንድ እጁ የአሮጌውን ቤዝ ሲዘጋ በሌላው የአዲሱን ይከፍታል፤ በዚያች ቅጽበት መላው ወለል እኩል ይዘልላል። ያቺ ቅጽበት ከሙዚቃው ሐረግ መጀመሪያ ጋር መግጠም አለባት። አንድ ምት ቀድማ ወይም ዘግይታ ከመጣች እግር ይሰናከላል፣ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ዞር ዞር ይላል። 

ጆሮን ከቤት ሳይወጡም ማሠልጠን ይቻላል። ጄፍ ሚልስ ቶኪዮ በሚገኘው ሊኩዊድ ሩም ተጫውቶ በ1996 ያሳተመውን ቅጂ ስሙ። ሦስት የሸክላ ማጫወቻ እያዞረ ሸክላ በሸክላ ላይ ሲደርብ፣ ሲነጥቅ፣ ሲመልስ ይሰማል። ከዚያ ሮበርት ሁድ በ1994 ያወጣውን ሚኒማል ኔሽን የተባለ ሥራ አስከትሉ፤ ጥቂት ድምፆች ብቻ ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከሙ ያስተምራል። እነዚህን ደጋግሞ የሰማ ሰው ወለል ላይ ሲቆም በጩኸት አይታለልም።

በሩ

የበርሊን በሮች ከባድ ናቸው፤ የበርግሃይኑ በረኛ ስቬን ማርኳርት፣ በሙያው ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው፣ በዓለም ታዋቂ ሆኗል። በር መኖሩ ራሱ ጥፋት አይደለም። ውስጥ ያለውን ሰው የሚጠብቅ በር ያስፈልጋል፤ የሰከረውን፣ ሴት የሚተናኮለውን፣ ሌላውን ለመቅረፅ የመጣውን ይመልሳል። የጥሩ በረኛ ጥያቄ “ዛሬ ማን ነው የሚጫወተው?” የሚል ዓይነት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን አንብባችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ፣ ሳትሰክሩ ሂዱ።

ጫማችሁን፣ ሰዓታችሁንና ቦርሳችሁን እያየ ዋጋ የሚተምን፣ ጠረጴዛና ጠርሙስ ለገዛ ሰው የተለየ መግቢያ ያለው ቤት የቴክኖ ቤት አይደለም። ወለሉ ላይ ሁሉም እኩል ካልሆነ ሙዚቃው ከተወለደበት ሐሳብ ጋር ተጣልቷል።

ጀርመን ለምንኖርና ለምንሄድ ሐበሾች ደግሞ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። በቆዳ ቀለም መመለስ በጀርመን አገር ሕገ ወጥ ነው። በ2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ ይከለክለዋል። የሽቱትጋርት የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 በቆዳው ቀለም ምክንያት ከጭፈራ ቤት ለተመለሰ ወጣት 900 ዩሮ ካሣ እንዲከፈለው ወስኗል። ጥቁር ሰዎች የፈጠሩትን ሙዚቃ እያጫወተ ጥቁር ሰው ደጅ የሚያስቀር ቤት በየትኛውም መመዘኛ ወድቋል፤ የድምፁ ጥራት አያድነውም።

ጨለማው፣ ስልኩና ውሃው

ከበሩ እንዳለፋችሁ የስልካችሁ ካሜራ ላይ ስቲከር ከተለጠፈ ደስ ይበላችሁ። ማንም እንደማይቀርፀው ያወቀ ሰው እንደ ልቡ ይጨፍራል። ስልኮች ወደ ላይ በተቀሰሩበት ወለል ሁሉም ወደ ዲጄው ይዞራል፤ ጭፈራው ቀርቶ ትዕይንት ይሆናል። መብራትም እንዲሁ በልክ ይሁን። ጭስና ጥቂት ብልጭታ ይበቃል፤ ጨለማው ሰው ራሱን እንዲረሳ ይረዳዋል።

ከዚያ ትንንሽ የሚመስሉትን ነገሮች እዩ። አየሩ ይንቀሳቀሳል? ስትጠይቁ የቧንቧ ውሃ በብርጭቆ ይሰጧችኋል? መፀዳጃ ቤቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል? የደከመው ሰው የሚቀመጥበት ጥግ አለ? የተነካ፣ የተሰደበ ወይም ያመመው ሰው የሚያናግረው ሠራተኛ ተመድቧል? አሥር ሰዓት ሙሉ ሰው እንዲጨፍር የሚጋብዝ ቤት ለእነዚህ መልስ ከሌለው ግብዣው ከልብ አይደለም።

የትኛውን ለምን?

ጥሩ ቤቶች ሁሉ ለአንድ ዓይነት ሌሊት አይሆኑም። ጠንካራና ጠባብ ነገር ከፈለጋችሁ ትሬዞር ግቡ። የመጀመሪያው ቤት በ2005 ተዘግቶ ከ2007 ጀምሮ በኮፔኒከር ጎዳና በቀድሞ የኃይል ማመንጫ ሥር ይገኛል። በረጅም የኮንክሪት ዋሻ አልፋችሁ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ምድር ቤት ትደርሳላችሁ። ከአሮጌው ቤት የመጡት ዝገት የበላቸው የብረት ሣጥኖች ግድግዳውን ይዘውታል፤ ዲጄው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ይጫወታል። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው ኦም ደግሞ የማመንጫው የባትሪ ክፍል የነበረ ትንሽ ቤት ነው፤ ያልታወቀ ነገር መስማት ለሚወድ ይመቻል። ሰፊ ድምፅ ለፈለገ በርግሃይን፣ ለስለስ ያለ የሃውስ ሙዚቃ ለፈለገ ከላዩ ያለው ፓኖራማ ባር አለ። በበጋ አትክልት ቦታ ላይ መጨፈር ለሚወድ በኦስትክሮይትስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በማኅበር የሚተዳደረው አባውት ብላንክ፣ ወይም ሩመልስቡርግ በቀድሞ የውሻ ብስኩት ፋብሪካ ያለው ዚዙፎስ ይስማማዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከትሬዞር ቢጀምር እመክራለሁ፤ የዚህን ባህል ታሪክም ጉልበትም በአንድ ሌሊት ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስፕሬ ወንዝ ዳር ከ20 ዓመት በላይ የሠራው ዋተርጌት በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል፤ ኪራይና ወጪ እየናረ ሌሎችም ጭንቅ ውስጥ ናቸው። ጥሩ ሥራን መለየት የቻለ ሰው ጥሩ ሥራን የማቆየት ድርሻ አለበት። ድምፁን ያስተካከለ፣ ጊዜ የሰጣችሁ፣ በሩ ላይ ያከበራችሁ ቤት ስታገኙ መጠጣችሁን እዚያው ግዙ፣ ድምፁን ለሚያስተካክለው ሰው “እጅህ ይባረክ” በሉት፣ ለጓደኞቻችሁም ንገሩ። ከሁሉም በላይ፣ ስመ ጥር ዲጄ በማይመጣበት ተራ ሌሊት ተመልሳችሁ ግቡ። ቤት የሚኖረው በእነዚያ ሌሊቶች በሚመጣው ሰው ነው።