ስለ እጅ ሕክምናና ስለ መጻሕፍቱ

የኢትዮጵያን ባህላዊ ሕክምና ከመረመሩት የውጭ አገር ሊቃውንት መካከል ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ፥ ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 (ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የቆዩ የመድኃኒት ጽሑፎችን አሳትመዋል። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ጥናት በጽሑፍ የሰፈረውን የሚከተል ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱን በጣቱ የሚያኖረው ወጌሻ ተገቢ ስፍራውን ሊያገኝበት አልቻለም።

ከዚህ የተነሣ የእጅ ሥራ ሁሉ «ማሸት» በሚል አንድ ቃል ተጠቃልሎ ይታለፋል። ጉዳቱም የቃል ብቻ አይደለም። በጡት ነቀርሳ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት፥ በተለይም የብብቷ እጢዎች ከወጡ ወይም ጨረር ካረፈባቸው፥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊደርሱባት ይችላሉ። ትከሻዋ ደርቆ ጸጉሯን ማበጠር ያቅታታል፤ ከብብቷ ወደ ክንዷ እንደ ክር የተወጠረ ነገር ይወጣል፤ ወይም ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ክንዷ ያብጣል። ለደረቀው ትከሻ የሚጠቅመው በሥርዓት ማንቀሳቀስ ነው። ለእብጠቱ ግን ኤሚል ቮደርና ሚስቱ ኤስትሪድ በ1930ዎቹ ያወጡት ዘዴ ቆዳን ብቻ በዝግታ የሚገፋ ነው፤ ጡንቻን አጥብቆ ከሚያሸው እጅ ፈጽሞ ይለያል።

ይህም ዘዴ ቢሆን ያለ ልክ ሊወደስ አይገባውም። በ2015 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 6 ሙከራዎችንና 208 ሰዎችን መርምሮ፥ ዘዴው ጉዳት እንደማያመጣና ክንድን አጥብቆ ከመጠቅለል ጋር ሲሆን ተጨማሪ ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል ገለጸ እንጂ ብቻውን ይፈውሳል አላለም። በእንግሊዝ አገር 392 ሴቶችን የተከታተለውና በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ፥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይዘገይ በባለሙያ እየተመሩ ክንዳቸውን ያንቀሳቀሱት ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ እንደ ሠሩበት አሳየ።

እንግዲህ ወጌሻን እንዲያው ማወደስም ሆነ እንዲያው መንቀፍ ጥናት አይባልም። መመዝገብ የሚገባው እጁ በምን ያህል ኃይል፥ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሠራ፥ መቼስ እንደሚታቀብ ነው። ክንዷ ያበጠ ሴት ወደ ደጁ ስትመጣ፥ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ሂጂ» ይላት ይሆን? ይህን ጠይቆ መልሱን የጻፈ ተመራማሪ፥ ረጅም የሥርና የቅጠል ዝርዝር ካሳተመው ይልቅ ለዚህች ሴት ይጠቅማታል።