ድሪቶ በልክ

ላስታ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ሥራ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ተጨምሮ የተገጠመ ነገር የለም፤ ሁሉም ተቀንሶ የወጣ ነው፣ መሮ የሳተበት ቦታም ተመልሶ አይሞላም። ከላሊበላ ከተማ ተራራውን ዞረው ይምርሃነ ክርስቶስ ሲደርሱ ግን የሚያገኙት የሌላ ዓይነት እጅ ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው በይምርሃነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ የቆመ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ እየተደረበ ተሠርቷል፣ ጣሪያውም በየክፍሉ ቁርጥራጭ እንጨት እየተገጣጠመበት ያጌጠ ነው። የክፍሉ መጠን ይጠበቃል፤ ውስጡ የሚሠራው ሐረግ ግን ይለዋወጣል። እራፊ ገጣጥሞ ለሚሰፋ ሰው ከዚያ ጣሪያ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ከአሮጌ ልብስ ብርድ ልብስ ለመሥራት የተነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሐረጉን አስቀድሞ ነድፎ፣ ጨርቁን ሁሉ በዚያው ልክ ቆርጦ መግጠም ነው። ሁለተኛው አንድ እራፊ አንሥቶ፣ የሚቀጥለውን በዓይን እየመረጡ መሄድ ነው። ይህኛው ስንፍና ይመስላል። እኔ ግን ለእራፊ የሚስማማው ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ከጨርቁ ከራሱ ይመጣል። ያረጀ ነጠላ መኻሉ ሳስቶ ጥለቱ ጠንክሮ ይቀራል። ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያልቃል፣ ከኪሱ ሥር ያለው ግን ገና አዲስ ነው። ከሸሚዝ የሚተርፈው ጀርባው ነው። ስለዚህ ከዘንቢሉ የሚወጣው አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠማማ ነው። ሁሉም በአንድ ልክ ይቆረጥ ከተባለ ልኩን የሚወስነው ትንሹ እራፊ ይሆናል፤ ትልልቁ ሁሉ ለእሱ ሲባል ይከተፋል። ስፌት ደግሞ ጨርቅ ይበላል። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ቶሎ ስለሚተረተር በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል። እንግዲህ 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ቁራጭ ሁለቱም ጎኑ ሲሰፋ የሚታየው 2 ብቻ ነው፤ ግማሹ ከሥር ተቀብሯል። 8 ሆኖ ቢቆረጥ የሚቀበረው ሩቡ ነው። ትልቅ ሆኖ የተገኘውን በትልቅነቱ መተው ከጌጥ በፊት የቁጠባ ነገር ነው።

ያገኙትን መለጠፍ ከሆነማ ሙያው ምኑ ላይ ነው? የሚል ይኖራል። ሙያው ጠርዙ ላይ ነው። አንዱን ባለ አራት ማዕዘን ቁራሽ መደብ እንበለው። በየጎኑ 32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ለመለኪያ ይቆረጣል፤ ስፌቱ የራሱን ሲወስድ 30 ይቀራል፤ 5 በ7 ሲደረደር ደግሞ 35 መደብ 1.5 ሜትር በ2.1 ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። በየመደቡ መኻል የሚቀመጠው እራፊ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ባይሆን እመርጣለሁ፤ አምስት ጎን ቢኖረውም ደግ ነው። በአንዱ ጎኑ ሌላ ቁራጭ ፊት ለፊት ተገጥሞ፣ መርፌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሰፋል። ከዚያ ቁራጩ ይገለበጥና ስፌቱ በአውራ ጣት ጥፍር እየተሰመረ ይተኛል (የከሰል ካውያ ካለ ይሻላል)፤ የተረፈው በመቀስ ይስተካከላል፤ መደቡ ዞሮ ቀጣዩ ጎን ይመጣል። እንዲህ ካርቶኑን አልፎ እስኪሸፍን ይዞራል፣ ከዚያም በካርቶኑ ልክ ይቆረጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ እየተሳበ ከተሰፋ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ዙር በድሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ጨርቅ ይሁን። ይህ ካልተጠበቀ መደቡ ጠረጴዛ ላይ አይተኛም፣ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ይነሣል። ልክ ነፃነትን እንደማይነሣ ቅኔ ምስክር ነው። ከላስታ ብዙ የማይርቀው ዋድላ በቅኔ ቤቱ የታወቀ ነው፤ ቅኔ ደግሞ ይዘረፋል እንጂ የትናንቱ ዛሬ አይደገምም። ሆኖም ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት መሆኑን የሚጠራጠር ተማሪ የለም። ቤቱ ተወስኖ ስለተሰጠው ነው ዘራፊው አእምሮውን ሁሉ በአዲሱ ነገር ላይ የሚያውለው። ካርቶኑም ለሰፊዋ የሚሠራላት ይህንኑ ነው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይህ ድሪቶ ነው፣ የድህነት ምልክት ነው፣ ምን ያስመካል የሚለው። ደረተ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ ደርቦ ሰፋ ማለት ነው፤ ድሪቶ ለባሽ መባል ስድብ መሆኑም እውነት ነው፣ ምንም እንኳ ባሕታዊ ወዶ ቢለብሰው። በአሜሪካ አላባማ ጂስ ቤንድ በሚባል መንደር፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ዘሮች የሆኑ ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ ለብርድ ሲሉ የሰፉት በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀርቦ ብዙ ተደንቋል። ይህን የማነሣው ድህነት ያምራል ለማለት አይደለም፤ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ የሰፊዎቹን ብርድ አላስቀረውም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ችግር የጨርቁን ዓይነት ወሰነ፣ የቁራጮቹን አቀማመጥ ግን አልወሰነም። ሰማያዊ ሱሪ አጠገብ ቀይ ቁራጭ ያስቀመጠችው ሴት መርጣ ነው። ስድቡ ይህን ምርጫ አያይም።

ጋቢ እያለ ምን አደከመን? ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጋቢም የሚያሞቀው አራት ድርብ ስለሆነ፣ በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላሉት ለላሊበላ ሌሊቶች የተደረተ ጨርቅ ከሥሩ አሮጌ ጋቢ ቢገባበት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሙሉ የሆነን ጋቢ ለዚህ ሲባል መቁረጥ ግን ኃጢአት ነው፤ የሸማኔ ድካም የሚነካው ራሱ ሲያልቅ ብቻ ነው።

የማልከራከርበት ነጥብም አለ። ሸማና ሰው ሠራሹ ቴትሮን አንድ መደብ ላይ አይስማሙም፤ ሸማው ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል፣ ቴትሮኑ እንደነበረ ይቆያል፣ ስፌቱም ይኮማተራል። ቀይ ጥለት ቀለሙን በነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ሁሉም ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ የሚለቀው የዚያኑ ቀን ይታወቃል። በመኪና መስፋት ይፈጥናል፣ ለጠንካራ ጂንስም ይሻላል። ለሸማ ግን እጅን እመርጣለሁ፤ በመኪና ደቅቆ የተሰፋ ስፌት ሲፈታ የሳሳውን ጨርቅ አብሮ ይቀድደዋል። መፍታት ደግሞ አይቀርም፤ አገጭ የሚነካው ጠርዝ ከሁሉ አስቀድሞ ያልቃል። ያን ጊዜ አንዱን መደብ በዙሪያው ፈትቶ፣ ካርቶኑን ከተቀመጠበት አምጥቶ፣ በዚያው በ32 ሴንቲ ሜትር ልክ ሌላ መስፋት ነው።