ኤክስኤምኤል የለበሰው የወርድ ፋይል

እስቲ ከወርድ ፋይሎቻችሁ አንዱን ኮፒ አድርጉና ከስሙ መጨረሻ ያለውን «ዶክኤክስ» አጥፍታችሁ በምትኩ «ዚፕ» ጻፉበት፤ ከዚያ ክፈቱት። ውስጡ ፎልደሮች አሉ። «ወርድ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ጽሑፋችሁ በኤክስኤምኤል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከወርድ 2007 ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ነው።

«ታዲያ ምን መቀየር ያስፈልጋል? ተቀይሯል'ኮ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የቆዩ የቤተ ሙከራ ሪፖርቶችን ርዕስ የሚለቅም ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሳስኬደው፣ ከአንዳንዶቹ ፋይሎች አንድም ርዕስ አላገኘም። ርዕሶቹ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ደማቅ፣ ትልልቅ፣ መሃል ላይ!

ጉዱ የገባኝ ኤክስኤምኤሉን ሳነበው ነው። ጸሐፊው መስመሩን መርጦ «ቦልድ» ተጭኗል፣ መጠኑን 16 አድርጓል። ፋይሉም የመዘገበው ይህንኑ ነው፦ አንድ አንቀጽ፣ ደማቅ፣ መጠኑ 32። (ወርድ የፊደል መጠን የሚቆጥረው በግማሽ ነጥብ ነው።) «ርዕስ» የሚል ነገር የትም የለም። በ1998 የወጣው የኤክስኤምኤል ቁም ነገር ግን እያንዳንዱን ነገር በስሙ መጥራት ነበር፤ ይሄ ርዕስ፣ ይሄ ደራሲ፣ ይሄ ቀን እያሉ። የወርድ ኤክስኤምኤል በአብዛኛው የሚነግረን ጽሑፉ ምን እንደሚመስል እንጂ ምን እንደሆነ አይደለም። ይባስ ብሎ በተለያየ ጊዜ ያረማችሁትን አንድ ቃል ለሁለት ለሦስት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ «ኢት» እዚህ፣ «ዮጵያ» እዚያ።

እንደ ፓንዶክ ያሉ መቀየሪያዎች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ያልተነገራቸውን አያውቁም። «ሄዲንግ 1» የሚለውን ስታይል ከተጠቀማችሁ ርዕሱን በርዕስነቱ ያወጡታል፤ ቦልድ ብቻ ካደረጋችሁት ደማቅ አንቀጽ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው የዶክኤክስ ደረጃ ሰነድ ከ6000 ገጽ በላይ ነው ተብሎ ብዙ ተተችቷል። የኔ ቅሬታ ግን ከሰነዱ ይልቅ በፕሮግራሙ ላይ ነው፤ ስታይል ሳይጠቀሙ ርዕስ ማስመሰልን ይህን ያህል ቀላል ማድረጉ።

የድሮ የአማርኛ ፋይል ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመት ከዚያም በኋላ፣ ሰው የሚጽፈው በላቲን ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል ስትቀይሩት የፎንቱ ስም ይወድቃል፣ ጽሑፉ የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ኤክስኤምኤሉ ግን እንከን የለሽ ነው! የሚፈትሸውም ፕሮግራም «ስህተት የለም» ብሎ ያሳልፈዋል።

ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ መስመር ምረጡና ፎንቱን ኤሪያል አድርጉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ቀጥሉ። ወደ ላቲን ከተቀየረ ግን መጀመሪያ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መመለስ ነው ያለባችሁ፤ ኤክስኤምኤሉ ይደርሳል።