ጀልባ በኮንትራት

መተማ ላይ ኮንትራት ሲባል የሚታሰበው ባጃጅ ነው፤ ቢበዛ ሰሊጥ የሚጭን አይሱዙ። ጣና ዳር ግን ጀልባም በኮንትራት ይያዛል። ሰሊጡ የተሸጠ ሰሞን ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ፣ በገንዳ ውኃና በአይከል ሽቅብ ወጥቶ፣ አዘዞ ላይ ወደ ባሕር ዳር መታጠፍ ነው።

ጣዕሙ ምኑ ላይ መሰላችሁ? "ሞላ፣ ሳበው!" የሚል ረዳት የለም። ባለ ጀልባውን "እስቲ አጥፋው" ስትሉት ሞተሩን ያጠፋል። ያን ጊዜ ውኃው የጀልባዋን ሆድ መታ መታ ሲያደርግ ይሰማል። በጎን አንዲት የደንገል ታንኳ ማገዶ ጭና ታልፋለች፤ ከመስመጧ የተነሳ ቀዛፊው ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እኛ ከፍለን የገዛነውን ዝምታ እሱ በየቀኑ ይቀዝፍበታል።

ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በላይ የለመደ የቆላ ልጅ ጠዋት ጋቢ ቢይዝ አያፍርም። ዘጌ ላይ በቡናው ጫካ መሐል አቋርጦ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ነው፤ የግድግዳው ሥዕል ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እኅቶቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ መንገዱን ቀድማችሁ ተማከሩ።

ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣና ባለ ጀልባው "በሉ እንመለስ" ሲል አትከራከሩት። ማዕበሉ ጫማችሁን ያርሰዋል፤ የመተማ አቧራ ያኔ ይለቃል።