ተኩላው በማን ተራ ይዋጋል?

በፋንታሲ ጌሞች ቀስተኛ ሲሳል ከጎኑ ተኩላ ወይም ነብር ይሳላል። ሥዕሉ ያምራል፤ ብዙ ሰውም ክላሱን የሚመርጠው ሥዕሉን አይቶ ነው። ውጊያው ሲጀመር ግን ሥዕሉ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ይመጣሉ። ያ ተኩላ የሚነክሰው መቼ ነው? የሚያደርሰው ጉዳት ከማን ድርሻ ይቀነሳል? ከሞተስ? እንደ እኔ የውጊያ ሕግ ለሚጽፍ ሰው ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ተዋጊ ክላስ ፔት፣ ማለትም አብሮት የሚዋጋ እንስሳ፣ ይኑረው ወይስ አይኑረው ተብዬ ስጠየቅ፣ ክላሱ ብቻውን የማይሞላው ጉድለት ካለውና እንስሳው ያንን ከሞላለት ይኑረው እላለሁ። ለጌጥ ከሆነ ይቅር።

ለዚህ አቋሜ ዋናው ማስረጃ በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጌም ሀንተር የተባለው ቀስተኛ ክላስ ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ሀንተሩ አጠገቡ የደረሰን ጠላት በቀስት መምታት አይችልም ነበር። ጠላት ከተጠጋው ዋና ጉልበቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ድብ ወይም ከርከሮ ያላምዳል፤ አውሬው ጠላቱን ይዞ ያቆይለታል፣ እሱ ደግሞ ከሩቅ ይወጋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች ተቀናጅተው እንደሚያርሱት ሁሉ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ጎዶሎ ነበሩ። በዚያ ላይ አውሬው ይበላል። ሥጋ የሚወደው ሥጋ፣ ዓሣ የሚወደው ዓሣ ይያዝለታል። ሲደሰት የሚያደርሰው ጉዳት በሩብ ይጨምራል፣ ሲከፋው በሩብ ይቀንሳል፣ ጨርሶ ከተረሳ ደግሞ ጥሎ ይሄዳል። መመገቡ አሰልቺ ነው ብለው የተማረሩ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የደስታ መለኪያውም በ2011 ተነሣ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ቁራሽ ሥጋ እንስሳውን ከጦር መሣሪያ የሚለየው ነገር ነበር።

በ2012 ደግሞ የቅርብ ርቀት ገደቡ ቀረ። ሀንተሩ አፍንጫው ሥር የቆመውን ጠላት ሳይቀር በቀስት መምታት ቻለ። ተጫዋቹ ተደሰተ፤ መደሰቱም ትክክል ነው፣ ገደቡ ያናድድ ነበርና። ነገር ግን ድቡ የቆመበት ምክንያት አብሮ ሳሳ። በ2014 ያለ ፔት ለሚዋጋ ሀንተር ጉዳቱን ከፍ የሚያደርግ ሎን ዉልፍ የተባለ ምርጫ መጣ፤ በ2025 ደግሞ ማርክስማንሺፕ የተባለው የአነጣጣሪዎች ዘርፍ የለመደውን ፔት አጣ። ብዙዎች አዘኑ። እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ። ቢስት ማስተሪ የተባለው ዘርፍ አውሬዎቹን ይዞ ቀጥሏል፤ አውሬ የሚወድ ወደዚያ ይሂድ፣ ቀስት ብቻ የሚወድም ብቻውን ይተኩስ። ሁለቱን ለማስደሰት ተብሎ የተሠራ ግማሽ ፔት ለማንም አይሆንም።

በዳይስ በሚጫወቱት የጠረጴዛ ጌሞች ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም እዚያ ሀብት ማለት ተራ ነው። በ2014 የወጣው አምስተኛው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እትም ሬንጀር ለተባለው ክላስ ቢስት ማስተር የሚባል መንገድ ሰጠው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሬንጀር አንድ አውሬ ይከተለዋል፤ ነገር ግን አውሬው እንዲያጠቃ ተጫዋቹ የራሱን ድርጊት አሳልፎ መስጠት አለበት። ወይ አንተ ትወጋለህ ወይ ተኩላህ ይነክሳል። ከአምስተኛ ደረጃ ጀምሮ ሬንጀሩ አውሬውን እያዘዘ አንድ ጊዜ መምታት ቢፈቀድለትም፣ ያለ አውሬ ሁለት ጊዜ ይመታ ነበርና ዋጋውን አሁንም ከኪሱ ይከፍላል። ሰው ወዳጅ አገኘሁ ብሎ የመጣበት ክላስ ወዳጁን በጠራ ቁጥር የሚያስከፍለው ከሆነ፣ ቀስ በቀስ መጥራቱን ያቆማል።

ዕድሜውም አጭር ነው። የአውሬው የሕይወት ነጥብ የሬንጀሩ ደረጃ በአራት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፣ የተፈጥሮው ከዚያ ካልበለጠ በቀር። በአሥረኛ ደረጃ 40 ይሆናል። በዚያ ደረጃ ሊገጥም የሚችል ወጣት ቀይ ድራጎን በአንድ የእሳት ትንፋሽ በአማካይ 56 ጉዳት ያደርሳል። ተኩላው ካላመለጠ በመጀመሪያው ትንፋሽ አለቀለት። ከዚያ ሬንጀሩ ሌላ አውሬ ፈልጎ ስምንት ሰዓት ሲያላምድ ይውላል። ጨዋታውን ስመራ የማየው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ ተጫዋቹ ስም አውጥቶ የወደደውን ተኩላ ከዋሻው ደጅ አስቀምጦ ብቻውን ይገባል። ተኩላውን የሚያፈቅር ሰው ተኩላውን እንዳይጠቀም የሚያስገድድ ሕግ የከሸፈ ሕግ ነው።

በ2020 በታሻ ስም በወጣው የዚሁ ጌም ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ የቀረበው አማራጭ ይህን አቃናው። ትእዛዙ ከዋናው ድርጊት ወጥቶ ቦነስ አክሽን ወደሚባለው ትንሽ ድርጊት ተዛወረ፤ ሬንጀሩም ተኩላውም በአንድ ተራ ይዋጋሉ። ይህ ብቻውን ክላሱን አዳነው ማለት ይቻላል። አውሬው ከሞተም በአንድ ሰዓት ውስጥ የአስማት ኃይል ከፍሎ ማስነሣት ይቻላል። ይህኛውን በግማሽ ልብ ነው የምቀበለው። ዓመት ሙሉ አብረውት የተጫወቱትን እንስሳ በአንድ ዳይስ ማጣት ጭካኔ ነው፤ ሞቱ ምንም የማይመስል ከሆነ ደግሞ ተጫዋቹ ተኩላውን ወጥመድ መፈተሻ ያደርገዋል። ለዚህ በራሴ ሕጎች ሦስተኛ መንገድ እመርጣለሁ፦ የቆሰለ አውሬ አይሞትም፣ ይሸሻል። ለዚያ ውጊያ የለም። እንዲመለስ ፍለጋ መውጣት፣ ቁስሉን ማጠብ፣ ማብላት ያስፈልጋል። ኪሳራው ይሰማል፣ ወዳጅነቱም አይቆረጥም።

ወደ ኮምፒውተር ጌሞች ስንመለስ፣ ጊልድ ዋርስ 2 በ2012 ሲወጣ የሬንጀሩን ጉልበት ከፔቱ ጋር አካፍሎ፣ ፔቱን በኮምፒውተሩ አእምሮ እንዲመራ ተወው። ሐሳቡ ከእኔ አቋም ጋር ይስማማል፤ አፈጻጸሙ ግን ሸክም ሆነ። የሚሮጥ ጠላት ላይ የሚስት፣ በብዙ ሰው ውጊያ መሀል ቶሎ የሚወድቅ እንስሳ የባለቤቱን ድርሻ ይዞ ይወድቃል። በ2017 ሶልቢስት የተባለው ዘርፍ ሬንጀሩ ከእንስሳው ጋር እንዲዋሐድ ፈቀደ። ብልህ መፍትሔ ነው፣ ግን ከጎንህ የሚሮጠው ተኩላ ጠፋ። በዲያብሎ 2 ኔክሮማንሰሩ የሚያስነሣቸው አጽሞች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነሱ ለማለቅ የተሠሩ ጭፍሮች ናቸውና ማንም አያዝንላቸውም።

ጌም እየሠራችሁ ያላችሁ ወጣቶች፣ ተኩላውን ለሠዓሊ ከማዘዛችሁ በፊት ተራውን በወረቀት ጻፉት። ማን ያዝዘዋል፣ ትእዛዙ ምን ያስከፍላል፣ ሲቆስል ወዴት ይሄዳል የሚለውን ወስኑ። ከዚያ ሁለት ሰው አስቀምጡና አንዴ ከነተኩላው፣ አንዴ ያለ ተኩላው አዋጉ። ክላሱ ያለ ተኩላው እኩል ከተዋጋ ተኩላውን አውጡት።