የማን ትርፍ ጊዜ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጋቢ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? መቼም ሳትከራከሩ አልገዛችሁም። እኔም ያው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አንዲት እናት ፊት ቆሜ፣ «ኧረ እናቴ፣ ተወደደ!» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ የጥጡን ነው የነገርኩህ። የእጄንማ መች ጠየቅሁህ?» አሉኝ።

አፈርኩ። አፍሬም ግን አስቀንሼ ገዛሁ!

የእጃቸው ሥራ ምን ነበር? ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ድርና ማጉ ተዘጋጅቶ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። አሁን አሁን የፋብሪካ ክር ቢገባበትም የፈታይዋ ድካም አልቀረም። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። ይህ ሁሉ መቼ ይሠራል? ብትሉ፣ «በትርፍ ጊዜ» ትባላላችሁ።

የማን ትርፍ ጊዜ? ዶሮ ሲጮህ ተነስታ፣ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ የዋለች ሴት ማታ እንዝርት ስታነሳ፣ ከእንቅልፏ ቆርሳ እንጂ ከትርፏ አይደለም። እኛ ግን «ትርፍ ጊዜ» ብለን ስለሰየምነው ዋጋ አናወጣለትም። አሠልጣኙም መጥቶ «ጊዜሽን አብቃቂ፣ ሒሳብሽን ያዢ» ይላታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ የውኃ መቅዳቱ ሰዓት የት ይጻፍ?

መልሱ ሩቅ አገር አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፎገራ ውስጥ፣ አውራ አምባ አለ። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ እርሻው ብቻ አላኖራቸውም፤ ሸማ ሥራ ያዙ። ትልቁ ነገር ግን መያዛቸው አይደለም። እዚያ ሴቷም ትሸምናለች፣ ወንዱም ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። የወለደች ታርፋለች፣ አቅም ያጣ ሽማግሌ ይጦራል። ሥራውንና ኑሮውን ያስማሙት ሴቷን ጊዜ አብቃቂ ብለው ሳይሆን ሸክሟን ተካፍለው ነው።

«ሁላችን አውራ አምባ እንሁን ወይ?» የሚል አይጠፋም። አልወጣኝም። እንስራ ለማንሳት ግን ማኅበረሰብ መመሥረት ያስፈልጋል እንዴ?

ነገሩ ከሥሩ ንቀት አለበት። እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ባለእጆችን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን አስቀለጡ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል እንበል። ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ዋጋ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ሱቅ ገብተን የውጭ ካፖርት ስንገዛ የተለጠፈበትን ከፍለን እንወጣለን፤ ገበያ ላይ ለተቀመጠች ፈታይ ሲሆን ምላሳችን ይሳላል!

ስለዚህ ሁለት ነገር እንበል። ባል ሆይ፣ እንስራውን አንሳ። ገዢ ሆይ፣ የእጁን ዋጋ ጠይቅ።

እኔም ያችን ጋቢ በብርድ በተከናነብኩ ቁጥር ያስቀነስኩት ብር ትዝ ይለኛል። ብሩስ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። እሳቸው ግን ስንት ሌሊት እንዳመሹበት ያውቃሉ።